እግሬና ሁለቱ ጾሞች

ስለ መብላት ደግሞ ትርንጎ ትምከረን ብላችሁ የምትስቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ እኔም ብዙ ስቄበታለሁ። በየፈረንጁ ወጥ ቤት ቆማችሁ የምትውሉ እህቶቼ ግን ሳቃችሁን ስትጨርሱ ስሙኝ። የሰው እግር ሁለት ብቻ ነው፤ እኔ አንዱን ለሐኪም መጋዝ ላስረክብ ትንሽ ነበር የቀረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም ነበር፤ የሚያሳምመኝን ነገር ራሴም አላውቀውም ነበር።

ጅቡቲ የመጣሁት ከድሬዳዋ፣ ባለቤቴን ደምሴን ተከትዬ ነው። ደምሴ የባቡር ፍሬን ያዥ ነበር፤ ሁለት ቀን ቤቱ ካደረ አራት ቀን ሐዲድ ላይ ነው። ቤታችን ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ አንዲት የእንጨት ቤት ነበረች። እኔ ከባቡር ጣቢያው ወዲያ፣ ፈረንጆቹ በሚኖሩበት ከፍታ ላይ፣ የአንድ መሐንዲስ ቤት ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ሙሴው ዝምተኛ ሰው ነው፤ ቤቱን የምታዘው ማዳም ነበረች። መርከብ በመጣ ቁጥር እንግዳ ትጠራለች። እንግዳው በልቶ ሲጨርስ ወጥ ሠሪሽን አሳይን ይላታል፤ እጄን በሽርጤ ጠርጌ እወጣለሁ፣ እጅ እነሣለሁ፣ ያጨበጭቡልኛል። ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ወፍራም ነበርኩ። ወፍራም ስላችሁ እንዲያው ደልደል ያልኩ ማለቴ አይደለም፤ በር ላይ ሰው ካጋጠመኝ አንዳችን ወደ ኋላ መመለስ ነበረብን። የሚያየኝ ሁሉ “ተመስገን፣ ደልቶሻል” ይለኛል። ደምሴ ከሁሉም ይብስ ነበር። የጓደኞቹ ሚስቶች የጅቡቲ ፀሐይ ሲያከሳቸው ያያል፣ እኔን ያያል፣ ደረቱን ይነፋል። ሚስቴን እንዴት እንደያዝኳት ሰውነቷ ይናገራል እያለ በየጣቢያው ያወራ ነበር። ከድሬዳዋ በተመለሰ ቁጥር የማር ማሰሮና ቅቤ ሳይዝ አይመጣም። ቀለበቴ በሳሙናም አልወጣ ሲለኝ፣ ደግ ነው፣ ትዳራችን አይፈታም ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

መጀመሪያ የከዳኝ ደረጃው ነው። ወጥ ቤቱ ታች ግቢ ውስጥ ነው፤ የማዳም ገበታ ላይ ፎቅ ነው። ድሮ ድስት ተሸክሜ በአንድ ትንፋሽ የምወጣውን ደረጃ፣ መሀል ላይ ቆሜ ትንፋሼ እስኪመለስ እጠብቅ ጀመር። ቀጥሎ ጥሙ መጣ። ግን በጅቡቲ የማይጠማው ማን ነው? እንስራውን ብቻዬን ሳጋምሰው ሙቀቱ ነው አልኩ። ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት ስነሣ፣ የጠጣሁት ውሃ ነው አልኩ። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ዘይት ከመጥበሻ ፈንጥቆ የቀኝ እግሬን አውራ ጣት አቃጠለኝ። ለወጥ ቤት ሴት ቃጠሎ ብርቋ አይደለም፤ ሳምንት ይቆጠቁጣል፣ ይደርቃል፣ ይረሳል። ይህኛው ግን አልደርቅ አለ። ታኅሣሥ ገባ፣ አልደረቀም። ጥር ሲገባ ቁስሉ የሳንቲም ያህል ሰፍቶ ዳር ዳሩ ጠቁሮ ነበር። ይበልጥ ያስፈራኝ ደግሞ፣ ያን ያህል ቁስል ሆኖ ብዙም አያመኝም ነበር።

ሰው ምክር አያጣም። የካርቲዬ ሁለት ሴቶች ዐይን በልቶሽ ነው አሉና ደልቶሻል ያለኝ ሰው ሁሉ ተጠረጠረ። ጤና አዳም ቋጥሬ አንገቴ ላይ አሰርኩ፤ ቁስሉ አልሰማም። ከዚያ ገበያ ውስጥ ቅጠላ ቅጠል የሚሸጥ አንድ የመናዊ ዘንድ ሄድኩ። ጨዋ ሽማግሌ ነው። ምላሴን አየ፣ ዐይኔን ገልጦ አየ፣ ደምሽ ደክሟል አለና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሶ ሰጠኝ፤ ጠዋት ሦስት ማንኪያ፣ ማታ ሦስት ማንኪያ። መድኃኒት እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ እያልኩ ስድስቱን ማንኪያ ስምንት አደረግሁት። ጥሙ ባሰብኝ፤ ዐይኔም ጭልም ይልብኝ ጀመር። ቀጥሎ የሄድኩበት ክሊኒክ ያለው አስታማሚ ደግሞ እግሬን ከሩቅ አየና ቅባት ሰጥቶ መቆም ቀንሺ አለኝ። ተቀምጦ ወጥ የሚሠራበት አገር ካለ ይንገረኝ።

ደምሴ ከመንገድ ተመልሶ እግሬን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ነገ በሚወጣው ባቡር አገር ቤት እንሂድ፣ ጠበል ላስጠምቅሽ አለ። እኔ አልሄድም አልኩ፤ አንድ ወር ከጠፋሁ ማዳም ሌላ ወጥ ሠሪ ታስገባለች። ሥራሽ ከእግርሽ ይበልጣል ወይ አለኝ። ያለ እግሬ ሥራ የት አለኝ፣ ያለ ሥራዬስ ምን አለኝ አልኩት። ተኮራርፈን ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኛን። እንቅልፍ የወሰደኝ መስሎት ሌሊት ቀስ ብሎ ተነሣና እግሬ መሞቁን በመዳፉ ሲዳስስ ተሰማኝ። የተኛሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ማዳም ደረጃው ላይ ቆሜ አየችኝ። ጫማሽን አውልቂ አለችኝ፤ አየች፤ ወረቀት ጽፋ ወደ ሆስፒታል ሰደደችኝ። ተራ መጠበቂያው ቤት ውስጥ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረ፤ ጫፉ ላይ ስቀመጥ በወዲያኛው ጫፍ የነበረው ሰውዬ ብድግ አለ። አክብሮኝ መስሎኝ በእግዜር አልኩት፤ ለካ ወንበሩ ነው ያነሣው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ከማፈሬ በፊት ሳቅ ቀደመኝ። ሙቀቱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። አጠገቤ ልጇን ያቀፈች አፋር ሴት ነበረች። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ፤ ላቤ ሲንጠባጠብ አየችና ዞር ብላ ልጇንም እኔንም በአንድ ማራገቢያ ታራግበን ጀመር። ተራዬ እስኪደርስ አላቆመችም። ያቺ ሴት የትም ትሁን እግዚአብሔር ይስጣት።

ሐኪሙ ጢሙ የሸበተ፣ ነገር የማያበዛ ፈረንሳዊ ነበር። ሽንቴን በቀጭን ብርጭቆ አድርጎ ሰማያዊ ውሃ ጨመረበትና በእሳት አሞቀው። ሰማያዊው ጠፍቶ እንደ ሸክላ ቀይ ሆነ። ስኳር ነው አለኝ። የምንበላው ዳቦም ሆነ ጣፋጭ በሆዳችን ስኳር ይሆናል፤ የጤነኛ ሰው ሥጋ ይጠቀምበታል፤ የእኔ ሥጋ ግን በዝቶበት መቀበል ስላቃተው በደሜ ውስጥ ይዞራል፣ ቁስል አላሽር ይላል፣ የተረፈው በሽንቴ ይወጣል። ፈረንጅ አገር በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ወጥቶለታል፣ እዚህ ግን የለም፤ ላንቺ ዋናው መድኃኒት አፍሽ ነው አለኝ። ከዚያ ጠየቀኝ።

“በቀን ስንት ጊዜ ትበያለሽ?”

አፌን ሞልቼ “አንድ ጊዜ፤ ማታ ቤቴ ስገባ” አልኩ፣ በወጥ ቤት ፈረንሳይኛዬ።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ለማየት ጊዜ ወሰደበት። “አትዋሺኝ” አለ።

በማርያም ማልኩ። አላመነኝም። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገሩን ነገረኝ። ሰኔ ላይ ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲገባ እንዲህ ያለ ቁስል ይበሰብሳል፤ ሰኔ እስኪገባ ካልደረቀ እግሬን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቆርጠዋል። ከመጋዙ ይልቅ ውሸታም መባሌ አንገበገበኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን መጋዙ ነው ያንገበገበኝ።

ቢሆንም ታዘዝኩ። የማታ ምግቤን በግማሽ ቀነስኩ፤ ከዚያም ግማሹን በግማሽ። ሁለት ሳምንት በባዶ ሆድ አድሬ ሐኪሙ ዘንድ ብመለስ ብርጭቆው እንደገና ቀላ። ሐኪሙ ብርጭቆውን አሳየኝና እግሩ ያንቺ ነው፣ ለማን ብለሽ ትዋሺያለሽ አለኝ። እያለቀስኩ ወጣሁ። በሰው ፊት ተዋርጄ አላውቅም ነበር፤ ያውም እውነት ተናግሬ።

በዚህ መሀል ዐቢይ ጾም ገባ። አዴር ሮብሌን የማስተዋውቃችሁ እዚህ ላይ ነው። የማዳም ግቢ ዘበኛ ነበሩ፤ ሶማሌ ናቸው፤ ሐዲዱ ሲዘረጋ ከእኛ ሰዎች ጋር ሠርተው አማርኛ ያቀላጥፋሉ። አዴር በቋንቋቸው አጎት ማለት ነው። የማዳም ምግብ ቅቤ ወይም ወተት ወይም ሥጋ የሌለበት የለም፤ ስለዚህ በየዓመቱ እኔ ስጾም የሚቀምሱልኝ እሳቸው ነበሩ። ወይን ያለበትን አይነኩም፤ እሱን በአፍንጫዬ እለካለሁ። ሌላውን አንዴ ላስ ያደርጉና ጨው ጨምሪ ወይም ጨው በቃ ይላሉ። ከጨው ሌላ አስተያየት አልነበራቸውም።

በዚያ ዓመት ግን ረመዳን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ። ድስቱ ይንተከተካል፤ እኔ ጾመኛ፣ አዴር ሮብሌም ጾመኛ። ቀማሽ ጠፋ። ማዳም እንደሆነች ወጥ ቤት የምትገባው ቁልፍ ሲጠፋባት ብቻ ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ ከመርከብ የወረዱ እንግዶች ለእራት ተጠርተዋል። ጨው በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ በኔ ባይሆን በሌላ ምላስ ሳይቀመስ፣ አንድም ሙሉ እራት አቅርቤ አላውቅም። እግሬን ሰኔ ይወስደዋል፣ ሥራዬን ደግሞ ዛሬ ማታ አጣለሁ አልኩ።

አዴር ሮብሌ በር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ሃያ ዓመት የሠራ እጅ ካላወቀ መቼ ሊያውቅ ነው አሉኝ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ እጄን አመንኩት። ጨውን በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ ጣልኩ። ሶሱ ሲወፍር ድምፁ እንደሚለወጥ ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ሲደርስ ያጉተመትማል። ከጭልፋው ጀርባ እንዴት እንደሚወርድ አየሁ፣ ሥጋውን በጣቴ ተጫንኩ፣ አሸተትኩ፣ በስመ አብ ብዬ ላክሁት። ማዳም አስጠራችኝ። ደረጃውን ወጣሁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ከወትሮው ያነሰ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮዬን ቀስሬ ነበር፤ አላነሰም።

እንዲህ ሆነን ጾሙን ዘለቅን። ኢድ ሆኖ አዴር ሮብሌ መብላት ሲጀምሩም ለምጄው ስለ ነበር ብዙ አላስቸገርኳቸውም። የሚገርመው፣ ጾሙ ሲጋመስ ጥሙ ቀነሰልኝ። ደረጃው ላይ መቆሜ ቀረ። የቁስሉ ዳር ከጥቁር ወደ ሮዝ ተመለሰ። ሐኪሙ ዘንድ ስሄድ ብርጭቆው አልቀላም፤ ትንሽ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ምን አደረግሽ አለኝ። ጸለይኩ አልኩት። ጥሩ ነው፣ ሌላስ አለ። ሌላ ምንም፣ ያው እንደ ድሮው አንዴ ነው የምበላው አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ደምሴ በጠርሙስ ያመጣልኝ ጠበል ነው አለ፤ የመናዊው ማሬ ነው ብሎ ገበያ ውስጥ አወራ። እኔ በየዓመቱ ከጾም ስወጣ ሰውነቴ ቀለል ይለኝ ስለ ነበር የጾሙ በረከት ነው ብዬ አመሰገንኩ። ምስጋናውን ሁላችንም ተከፋፈልነው።

ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ያው በቀን አንዴ፣ ያውም ግማሽ ሆዴን እየበላሁ ተጠንቅቄ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ጥሙ ተመለሰ። በአምስተኛው ቁስሉ እንደገና ተከፈተና ጠቆረ። ግንቦት ሊጋመስ ነው፤ ሰኔ ደጅ ላይ ነው። ደምሴ አንድ ማታ እግሬን ሲያጥብልኝ ቆየና ቢቆረጥም እኔ እሸከምሻለሁ አለኝ። በየትኛው ጉልበትህ አልኩት። ሳቅን፤ ስንስቅ ቆይተን ሁለታችንም ለቅሶ ያዘን።

በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አዴር ሮብሌ መጡና በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ።

“እመት ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቆጪኝ። በጾሙ ጊዜ አፍሽ አርፎ ነበር። አሁን ግን ከጠዋት እስከ ማታ የኔ ፍየል እንኳን እንዳንቺ አታመነዥግም።”

ተቆጣሁ። ምግብ ወደ አፌ ሳልል እየዋልኩ እንዲህ እባላለሁ ብዬ ደሜ ፈላ። “አዴር፣ እሱ እኮ ቅምሻ ነው። ቅምሻ አይቆጠርም” አልኳቸው።

“ማነው የማይቆጥረው?” አሉኝ።

እሳቸው ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን ጎድጓዳ ሳህን አውርደው ምድጃው አጠገብ አስቀመጡት። ዛሬ ወደ አፍሽ አንድ ማንኪያ ስትልኪ ለዚህም አንድ ላኪለት፤ ማታ ባዶ ከሆነ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ አሉ። አፋቸውን ላዘጋ ብዬ እሺ አልኩ።

እህቶቼ፣ ያን ቀን ልንገራችሁ። ቡና በወተት ሳፈላ የወተቱን አረፋ ቀመስኩ፤ ለሳህኑም ጣልኩ። ማርማላታው ረግቶ እንደሆነ ቀመስኩ፤ ጣልኩ። የፉርኖ ዳቦውን ጫፍ ቆረስኩ፣ ጫፍ ለገበታ አይቀርብማ። ሶሱን ስጀምር ቀመስኩ፣ ቅቤ ሲገባ ቀመስኩ፣ ሲወፍር ቀመስኩ፣ ሳወርደው ቀመስኩ፣ ካወረድኩት በኋላ ደግሞ እንዲያው ስለ ጣፈጠኝ ቀመስኩ። ከማዳም ሳህን የተረፈው አይብ ከሚጣል አፌ ይሻላል። የኬኩን ዳር ዳር ለማስተካከል ቆረጥኩ። የክሬሙን ድስት በጣቴ ጠረግሁ። አንድ ሁለቴ ጀርባዬን ሰጥቼ ላታልል ሞክሬ ነበር፤ አዴር ሮብሌ ከበር ላይ ሳል አሰሙ። ከቀትር በፊት ሳህኑ ተጋመሰ። በአሥር ሰዓት ሞልቶ ፈሰሰና ሌላ ሳህን አስቀመጥኩ።

ማታ ሁለታችን ቆመን አየነው። ቅቤው ከላይ ረግቷል፣ ዳቦው በሶስ አብጧል፣ ኬኩ በክሬም ተለውሷል። ሦስት የሐዲድ ሠራተኞች ጠግበው ያድሩበታል። ያን ያህሉን ደግሞ እኔ ሆድ ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ እራት ገና አልበላሁም። አዴር ሮብሌ ጢማቸውን ደባበሱ። እኔ ሳቅ ጀመረኝ። እንባዬ እስኪወርድ፣ ወገቤን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ እግሬ ትዝ አለኝና ሳቁ ቆመ።

እኔ ውሸታም አልነበርኩም። እኛ ዘንድ በላሁ የሚባለው እጅ ታጥበው፣ ገበታ ቀርቦ፣ አባታችን ሆይ ተብሎ፣ ቁጭ ብለው ሲበሉ ነው። ቆሜ፣ ሳልባርክ፣ በማንኪያ ጫፍ የወሰድኩትን እንኳን ለሐኪም ለነፍስ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። በጾም ስተወው ይሻለኛል፣ በፍስክ ስመለስበት ያመኛል፤ ይህን ያህል ግልጽ ነገር ሃያ ዓመት አጠገቤ ቆሞ አላየሁትም። የሚያበሳጨኝ እስከ ዛሬም እሱ ነው።

በነጋታው ሳህኑን በነጠላ ሸፍኜ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ምን ይሸታል እያለ አንገቱን ያሰግጋል። ሐኪሙ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነጠላውን ገለጠ።

“ይህ ምንድን ነው?”

“ትናንት ያልበላሁት ነው” አልኩት።

ነገሩን ከመጀመሪያው አጫወትኩት፤ ጾሙን፣ ረመዳኑን፣ አዴር ሮብሌን። በእርሳሱ ጫፍ ኬኩን ገፋ አደረገ፣ አይቡን አገኘ፣ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና ሳቁን አቆመ። “ውሸታም ብዬሻለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ” አለኝ። ፈረንጅ ሐኪም ይቅርታ ሲጠይቀኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ነው።

የሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። ቆመሽ ምንም ወደ አፍሽ አታስገቢ። በቀን ሦስት ጊዜ ተቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ጥቂት ጥቂት ብይ፤ ራስሽን ማስራብ ትርፍ የለውም፣ የተራበ ሰው ይሰርቃል አለኝ። ከአምቡሊ አትክልት ቦታ የሚመጣውን ጎመንና ቲማቲም፣ ምስር፣ ዓሣ፣ ከእንጀራና ከዳቦ ጥቂት። ማርና ማርማላታ ጨርሶ የለም። የቀረን ቀን ጥቂት ነው፣ የምችለው ይህን ብቻ ነው አለኝ። ሰኔ ሊገባ ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

እጄ ያለ ምላሴ እንደሚሠራ ጾሙ አስተምሮኝ ነበርና ለወጡ አልፈራሁም። የፈራሁት አመሌን ነው። ሳላስበው ማንኪያው ወደ አፌ ስለሚሄድ አፌን በሻሽ አስሬ መሥራት ጀመርኩ። ማዳም ጥርሴን ያመመኝ መስሏት ቅርንፉድ ላከችልኝ። ጨው የሚያጠራጥረኝን አዴር ሮብሌ ይቀምሳሉ፤ እሳቸውም ከአንድ ቅምሻ በላይ እምቢ አሉ፤ በሽታሽን ለኔ ልታስተላልፊ ነው ይሉኛል። የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቅ ነበር። በትንሽ ነገር እቆጣለሁ፣ ኬክ በሕልሜ አያለሁ። ሁለተኛው ቀለለ።

ደምሴ አስቸገረ። ከድሬዳዋ እንደ ልማዱ ማር ተሸክሞ መጣ፤ አልነካም ስለው ተከፋ። ስትከሺ ሰው ምን ይለኛል፣ አያበላትም ይሉኛል አለ። “እግር የሌላት ወፍራም ሚስት ትሻልሃለች?” አልኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ደምሴ ግን ሲያስብ አደረና ጠዋት ማሩን ለየመናዊው ወስዶ በምስር ለውጦት መጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ባደረ ቁጥር አብሮኝ ጎመን በላ። ጎመን ይጠላል።

እህቶቼ፣ ከእኔ ሌላ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ሳህን አጠገባችሁ አስቀምጡና ወደ አፋችሁ የላካችሁትን ያህል ለሱም ላኩለት። ማታ ራሳችሁ እዩት። ደልቶሻል የሚላችሁንም ሰው አመስግኑና እለፉ፤ ሲጠማችሁ ግን፣ ቁስል አልደርቅ ሲላችሁ፣ ሙቀት ነው አትበሉ።

ሐምሲኑ በዚያ ዓመት ሰኔን ሳይጠብቅ ገባ። ሐኪሙ የቀጠረኝ ቀን ሲደርስ ሰማዩ በአሸዋ ቀልቶ ነበር። ደምሴ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፣ እንቅልፍም በዐይኑ አልዞረም። ተቆርጬ ስወጣ የሚመልሰኝ የአህያ ጋሪ ከጣቢያ ተውሶ፣ የቤታችንን ፍራሽ አንጥፎበት ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመ። አብረኸኝ ግባ ብለው አልችልም አለ።

ሐኪሙ መጋዙን ያዘጋጅ አያዘጋጅ አላየሁም፤ ዐይኔን ጨፍኜ ነበር። ጨርቁን ሲፈታ ተሰማኝ። ከዚያ አውራ ጣቴን በጣቱ ተጫነ።

“ይሰማሻል?”

“ይሰማኛል” አልኩ።

“ታዲያ ተመልከቺው” አለ። ቁስሉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ሮዝ ቆዳ ገጥማ ነበር። በብርጭቆው ያለውም ውሃ በእሳት ሞቆ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። በሽታው አይለቅሽም፣ ካልጠበቅሽው ይመለሳል፤ ዛሬ ግን ከዚህ ቤት የምቆርጠው የለኝም፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ አለኝ። እጁን ስሜ ወጣሁ።

ደምሴ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ አህያዋን አቅፎ ቆሟል። ትከሻውን ነካሁት። ዞሮ ፊቴን አላየም፤ እግሬን ነው ያየው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከዚያ አሸዋው ላይ ዘጭ አለ። ደስታውና ረኃቡና ነፋሱ ተባብረው መቆም አቃተው። ደግፌ አነሣሁትና ጋሪው ላይ፣ ለእኔ ባነጠፈው ፍራሽ ላይ አስተኛሁት። ነጠላዬን ከአሸዋው እንዲከልለው ፊቱ ላይ ጣል አደረግሁና አህያዋን እየመራሁ በገዛ እግሬ ካርቲዬ ሁለት ገባሁ።

ጎረቤቶቼ እኔን ሊያለቅሱልኝ ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር። ጋሪውን ሲያዩ እየጮሁ ወጡ። ቀድማ የደረሰችው ሴት ፍራሹን አየች፣ እኔን አየች፣ ግራ ገባትና “ውይ ትርንጎ፣ ደምሴን ምን አገኘው?” አለችኝ።